የሲጋራ ጭስ በቤተ ሙከራ በበቀለ የአፍ ኅብረ ሕዋስ ላይ ሲፈተሽ፦ ዶዙ ሳይለካ ፍርድ አይሰጥ

ግልጽ ደብዳቤ

ለምርምር ገንዘብ ለሚመድቡ ተቋማት፣
ለሳይንስ መጽሔት አዘጋጆችና ገምጋሚዎች፣
የትምባሆ ምርቶችን ማስረጃ ለሚመረምሩ የቁጥጥር መሥሪያ ቤቶች፣

ክቡራትና ክቡራን፣

የሲጋራ ጭስ ሳንባ ከመድረሱ በፊት አፍን ያገኛል። ገና በአየር ሳይሳሳ ምላስን፣ ጉንጭን፣ ድድንና ላንቃን ይነካል። በውስጡ ከ7,000 የሚበልጡ ኬሚካሎች አሉ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም ማጨስን በሰው ላይ ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ምድብ ካስገባው ቆይቷል፤ የአፍ ካንሰርም አብሮ ተጠቅሷል። ስለዚህ ጭስ አፍን ይጎዳል ወይስ አይጎዳም ብለን ለመከራከር አልተነሣንም። ይህ ያለቀለት ጉዳይ ነው።

ያስጻፈን ሌላ ነው። ከሰው ሕዋስ በቤተ ሙከራ የሚበቅል የአፍ ኅብረ ሕዋስ የጭስን ጉዳት ለመመርመር በሰፊው እየተሠራበት ነው። የእንስሳ ሙከራን ይቀንሳል፣ የሰው ሕዋስ ስለሆነም መልሱ ለሰው ይቀርባል፤ እኛም የምንደግፈው ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ሞዴል ትምባሆን የሚያሞቁ ምርቶችና የኤሌክትሮኒክ ሲጋራዎች ጉዳታቸው ያነሰ ነው ለሚል ማመልከቻም ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። ስፋቷ 0.33 ካሬ ሴንቲ ሜትር ብቻ በሆነች ቁራጭ ላይ የታየ ነገር የብዙ ሰው ጤና ለሚነካ ውሳኔ መነሻ ይሆናል ማለት ነው። የምንጠይቃችሁም አንድ ነገር ነው፦ በኅብረ ሕዋሱ ላይ ምን ያህል ጭስ እንዳረፈ፣ ማለትም ዶዙን፣ ለክቶ ያላሳየ ጥናት «ጉዳት አልታየም» ወይም «ጉዳቱ ያንሳል» የሚል መደምደሚያ እንዲሰጥ አትፍቀዱ።

ችግሩ ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው ጭሱ በፈሳሽ መልክ ሲሰጥ ነው። በብዙ ቤተ ሙከራዎች የሚሠራበት ቀላሉ መንገድ የሲጋራ ጭስ በሕዋስ መመገቢያ ፈሳሽ ውስጥ እንዲንቦቀቦቅ አድርጎ፣ ፈሳሹን በ0.22 ማይክሮ ሜትር ማጣሪያ አሳልፎ ሕዋሱ ላይ መጨመር ነው። የተገኘው ፈሳሽ «100 በመቶ ኤክስትራክት» ይባልና ወደ 5 ወይም ወደ 10 በመቶ ይሳሳል። አንዱ ግን 1 ሲጋራ በ10 ሚሊ ሊትር ውስጥ አሳልፏል፤ ሌላው 1 ሲጋራ በ25 ሚሊ ሊትር። ሁለቱም «5 በመቶ» ብለው ሲጽፉ የሁለቱ ጥንካሬ በሁለት ተኩል እጥፍ ይለያያል፤ አንባቢ ደግሞ እኩል ናቸው ብሎ ያነባል። ቢያንስ የብርሃን መምጠጥ መጠኑ በ320 ናኖ ሜትር ተለክቶ፣ የኒኮቲን መጠኑም በቁጥር ተጽፎ መቅረብ አለበት። ፈሳሹ ስንት ደቂቃ እንደቆየም ይጻፍ። አክሮሊን፣ ፎርማልዴሃይድና ክሮቶናልዴሃይድ የሚባሉት የጭሱ አልዴሃይዶች ከፕሮቲንና ከአሚኖ አሲድ ጋር ወዲያው ስለሚጣበቁ፣ ሴረም (ፕሮቲን ያለበት የደም ፈሳሽ ክፍል) ባለበት ፈሳሽ የተሠራ ወይም ለሰዓታት የቆመ ኤክስትራክት በጣም ጎጂ የሆኑትን ክፍሎች አጥቶ ነው ሕዋሱ ዘንድ የሚደርሰው። ከጭሱ ተጠራቅሞ በዲሜቲል ሰልፎክሳይድ በሚባል ማሟሚያ የሚሟሟው ኮንደንሴትም ቅንጣቶቹን ብቻ ይይዛል፤ የጋዙ ክፍል እዚያ ውስጥ የለም። በእነዚህ ፈሳሾች ስለ አንድ የሕዋስ ሂደት መማር ይቻላል፤ ስለ ጭሱ በሙሉ መናገር ግን አይቻልም።

ሙሉ ጭስ ሲጠቀሙም ነገሩ በራሱ አይስተካከልም። የማጨሻ ማሽኑ በምን ሥርዓት እንደሳበ ካልተነገረ ቁጥሩ ትርጉም ያጣል። አይኤስኦ 3308 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ በ60 ሰከንድ አንዴ፣ ለ2 ሰከንድ፣ 35 ሚሊ ሊትር ይስባል፤ የማጣሪያው ጥቃቅን ቀዳዳዎችም ክፍት ይሆናሉ። ጠንካራው የካናዳ ጤና መሥሪያ ቤት ሥርዓት ደግሞ በ30 ሰከንድ አንዴ፣ ለ2 ሰከንድ፣ 55 ሚሊ ሊትር ይስባል፤ ቀዳዳዎቹ ሙሉ በሙሉ ይዘጋሉ። አጫሽ ሰው በጣቱና በከንፈሩ ቀዳዳዎቹን ስለሚደፍን የመጀመሪያው ሥርዓት ብቻውን ከአፍ የሚደርሰውን አሳንሶ ያሳያል። ሲጋራዎቹ ራሳቸው 3አር4ኤፍ ወይም ተተኪው 1አር6ኤፍ የሚባሉት የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ማነጻጸሪያ ሲጋራዎች ቢሆኑ ይመረጣል። ከመጨሳቸው በፊት ቢያንስ ለ48 ሰዓት በ22 ዲግሪ ሴልሺየስና በ60 በመቶ እርጥበት መቀመጥ አለባቸው። ከፓኬቱ እንደወጣ የተጨሰ ደረቅ ሲጋራ ቶሎ ይነዳል፣ የስበቱ ብዛት ይቀንሳል፣ የጭሱም ይዘት ይለወጣል።

ከማሽኑ የወጣ ጭስ ሳይሳሳ ከቀረበ ኅብረ ሕዋሱን ቶሎ ይገድለዋል። ስለዚህ በንጹሕ አየር ይበረዛል፤ ከዚያም በጠባብ ቱቦ በእያንዳንዱ ኢንሰርት (ኅብረ ሕዋሱ የሚያድግበት፣ ሥሩ ቀዳዳማ ሽፋን የሆነ ትንሽ ኩባያ) ላይ በደቂቃ ጥቂት ሚሊ ሊትር ብቻ ይፈስሳል። ጭሱ በየመንገዱ ይጠፋል። ቅንጣቶቹ በቱቦው ግድግዳ ላይ ይጣበቃሉ፣ እርስ በርስ ተጋጭተው ይተልቃሉ፣ ቱቦው በረዘመ ቁጥርም ጭሱ ያረጃል። በወረቀት ላይ «በደቂቃ 1 ሊትር አየር ተበረዘ» ተብሎ የተጻፈው የተሰጠውን እንጂ ያረፈውን አይነግርም። ያረፈውን የሚነግረው በኅብረ ሕዋሱ ቦታ የተቀመጠ የኳርትዝ ክሪስታል ሚዛን ነው፤ በየሰከንዱ የሚያርፈውን ክብደት በማይክሮ ግራም በካሬ ሴንቲ ሜትር ይመዘግባል። ይህ ሚዛን ግን ቅንጣትን እንጂ ጋዝን አይመዝንም። ስለዚህ አንዱ የማጋለጫ ጉድጓድ ያለ ኅብረ ሕዋስ በጨው ፈሳሽ ተሞልቶ አብሮ መጋለጥ አለበት፤ በውስጡ የተያዙት አልዴሃይዶች ኬሚካሎችን ለይቶ በሚለካው በክሮማቶግራፊ ይለካሉ። ከኢንሰርቱ ሥር ባለው ፈሳሽ ያለው ኒኮቲንም ሦስተኛ ምስክር ነው፤ ልኬቱ ብዙ አያስወጣም፣ ኒኮቲንም ሽፋኑን በቀላሉ ያልፋል። ሦስቱ ልኬቶች ከተለያዩ ቀናት ሙከራዎች ጋር ሲነጻጸሩ ካልተቀራረቡ፣ ቱቦ ተደፍኗል ወይም አየር የሚያስገባ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። በማያያዣዎች ላይ የሚጠራቀመው ቡናማ ዝቃጭ በየሙከራው ካልተጠረገ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዙር የሚያርፈው ጭስ እያነሰ ይሄዳል።

በዚህ ላይ ጥቂት ብንቆይ አትታዘቡን፤ የንጽጽር ጥናቶች የሚሳሳቱት እዚህ ነውና። ከሲጋራ የሚወጣው ቅንጣት በአብዛኛው የቃጠሎ ውጤት ነው። ከሚያሞቁ ምርቶችና ከኤሌክትሮኒክ ሲጋራ የሚወጣው ደግሞ በአብዛኛው ውሃ፣ ግሊሰሪንና ፕሮፒሊን ግላይኮል ነው። ሁለቱን «እኩል ማይክሮ ግራም አረፈ» ብሎ ማወዳደር እኩል አያደርጋቸውም። በእኩል ኒኮቲን፣ በእኩል የስበት ብዛትና ባረፈው ክብደት ተሠርቶ ሦስቱም ይቅረብ። አዲሱ ምርት የተፈተነው ምንም በማይታይበት ዝቅተኛ ዶዝ ብቻ ከሆነ፣ የተገኘው ውጤት ዶዙ ማነሱን እንጂ የምርቱን ደኅንነት አያሳይም። ዶዙ ጉዳት እስኪታይ ድረስ ከፍ ይበል፤ ሁለቱ መሥመሮች ጎን ለጎን ይሳሉ። በተቃራኒው የሲጋራው ዶዝ ኅብረ ሕዋሱን ግማሽ በግማሽ ከገደለው፣ የሚነበበው የጂን መረጃ የሚሞት ሕዋስ መረጃ ነው። የጂን ልኬት የሚታመነው በሕይወት ያለው ሕዋስ ቢያንስ 80 በመቶ ያህል ሆኖ ሲቆይ ነው ብለን እናምናለን።

ከጭሱ እኩል የሚያሳስበን አየሩ ነው። ኅብረ ሕዋሱ ሙቀቱና አየሩ ተጠብቆ ከሚያድግበት ሣጥን (ከኢንኩቤተር) ወጥቶ፣ ክዳኑ ተነሥቶ፣ ለ30 ደቂቃ አየር ሲነፍስበት ይደርቃል። የደረቀ ሽፋን ያለ አንዳች ጭስ ከተጎዳ ሕዋስ የሚወጣውን ላክቴት ዲሃይድሮጂኔዝ የሚባል ኢንዛይም ያፈስሳል፣ የብግነት ምልክት የሆነው ኢንተርሉኪን 8ም ይጨምራል። ስለዚህ ሁለት ማነጻጸሪያ ያስፈልጋል፦ ከኢንኩቤተር ያልወጣ አንድ፣ ንጹሕ አየር ብቻ በተመሳሳይ ፍጥነትና ለተመሳሳይ ጊዜ የነፈሰበት አንድ። ሁለቱ መካከል ጉልህ ልዩነት ካለ የዚያን ቀን ሙከራ መጣል እንጂ «ከአየር ማነጻጸሪያው ጋር ሲተያይ» ብሎ ማስተካከል አይገባም፤ አስቀድሞ የተጎዳ ኅብረ ሕዋስ ለጭስ የሚሰጠው መልስ ሌላ ነውና። መፍትሔው የሚበርዘውን አየር ማርጠብ ነው፤ ግን ይህም የራሱ ጣጣ አለው። እርጥበቱ ሲበዛ ቀዝቃዛ በሆነው ቱቦ ውስጥ ጠል ይቋጠራል፤ ጠሉም እንደ ፎርማልዴሃይድ ያሉ በውሃ የሚሟሙ ጋዞችን መንገድ ላይ ያስቀራል። የማጋለጫ ክፍሉ 37 ዲግሪ ላይ ይቆይ፣ ቱቦው ይሙቅ፣ እርጥበቱም ኅብረ ሕዋሱ አጠገብ ይለካ። በተጨማሪም በቢካርቦኔት የሚጠበቅ ፈሳሽ ከኢንኩቤተር ውጭ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን እያጣ ፒኤቹ ከፍ ይላል፤ ለዚህ ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሞላር ሄፒስ የሚባል ፒኤች ጠባቂ ይጨመርበታል።

ወደ ኅብረ ሕዋሱ እንምጣ። «የአፍ ሞዴል» የሚለው ስም ብዙ ነገር ይሸፍናል። የቆዳ ሕዋስ የሆነው ሃካት በአፍ ስም ሲቀርብ አይተናል፤ ይህ መቅረት አለበት። ቲአር146 ከጉንጭ ካንሰር ወደ አንገት ንፍፊት ከተሠራጨ ዕጢ የተገኘ የሕዋስ መሥመር (በቤተ ሙከራ ያለማቋረጥ የሚራባ ሕዋስ) ነው፤ ነገሮች በሽፋኑ እንዴት እንደሚያልፉ ለማጥናት ይጠቅማል፤ ጤነኛ ሕዋስ ወደ ካንሰር የሚያደርገውን የመጀመሪያ እርምጃ ለማሳየት ግን አይሆንም፤ እርምጃውን ተራምዶ ጨርሷልና። ከጤነኛ ለጋሽ የተወሰደ ኬራቲኖሳይት (የሽፋን ሕዋስ)፣ ወይም ቴሎሜሬዝ በሚባል ኢንዛይም ዕድሜው የተራዘመ መሥመር ይመረጣል።

ጥሩ ሞዴል ሁለት ፎቅ አለው። ከታች ከአፍ የተወሰዱ ፋይብሮብላስቶች (ከሽፋኑ ሥር ያለውን ደጋፊ ኅብረ ሕዋስ የሚሠሩ ሕዋሶች) የተቀላቀሉበት ዓይነት አንድ ኮላጅን ይረጋል። ኮላጅኑ በበረዶ ላይ እያለ አሲድነቱ ገለልተኛ ይደረጋል፤ በፍጥነት ካልተሠራ በፒፔቱ ውስጥ ይረጋል፣ ፒኤቹ ዝቅ ካለ ደግሞ ጭራሽ አይረጋም። ከላይ ኬራቲኖሳይቶች ይዘራሉ፤ ለጥቂት ቀናት በፈሳሽ ተሸፍነው ይቆያሉ። ቀጥሎ ፈሳሹ ከላይ ይነሣና ሽፋኑ ከአየር ጋር ይገናኛል፤ ካልሲየሙ ወደ 1.2 ሚሊ ሞላር ገደማ ከፍ ይላል፣ አስኮርቢክ አሲድ ይጨመራል፣ ከ10 እስከ 14 ቀን ይጠበቃል። ፋይብሮብላስቶቹ ኮላጅኑን ይስባሉና ጄሉ ይኮማተራል፤ ከግድግዳው ሲላቀቅ በዳር በኩል ክፍተት ይፈጠራል። ከታች ያለው ፈሳሽ በዚያ ወደ ላይ ይወጣል፣ ኬራቲኖሳይቶችም በዳሩ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ከላይ ሲያዩት ግን ደህና ይመስላል። ስለዚህ ከመጋለጡ በፊት የእያንዳንዱ ኢንሰርት ሽፋን ክፍተት የሌለው መሆኑ በኤሌክትሪክ መቋቋሙ ይለካ፤ የባዶው ኢንሰርት ልኬት ይቀነስ፣ በስፋቱ ይባዛ፣ በኦም ካሬ ሴንቲ ሜትር ይጻፍ። ልኬቱ በሙቀት ስለሚለዋወጥ ሁሉም በአንድ ሙቀት ላይ ይሁን።

የጉንጭና የአፍ ወለል ሽፋን ከሕዋስ ፕሮቲኖች ኬራቲን 4ንና 13ን ያሳያል፤ ድድና ጠንካራው ላንቃ ደግሞ ኬራቲን 1ንና 10ን። አየር ላይ ረጅም ጊዜ የቆየ፣ ሬቲኖይክ አሲድ (ከቫይታሚን ኤ የሚገኝ ውህድ) ያላገኘ የጉንጭ ሞዴል እንደ ድድ መጠንከር ይጀምራል። የጠነከረ ሽፋን ለጭስ ያነሰ ይበገራል፤ ካንሰር አዘውትሮ የሚነሣበት የአፍ ወለል ግን ስስና ያልጠነከረ ነው። የትኛው የአፍ ክፍል እንደተወከለ በማቅለሚያ ተረጋግጦ ይቅረብ። የመመገቢያ ፈሳሹ ሃይድሮኮርቲሶን ካለበትም ከመጋለጡ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ይነሣ፤ ብግነትን የሚያፍን መድኃኒት እየሰጡ ብግነት አልታየም ማለት አይቻልም።

ስለ ምራቅ ብዙ ጥናቶች ዝም ይላሉ። በአፍ ውስጥ ሽፋኑን የሚለብሰው ምራቅ ውፍረቱ ከ0.1 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። በ0.33 ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ሲሰላ ይህ 3 ማይክሮ ሊትር ያህል ነው። ምራቅ ለመምሰል 50 ማይክሮ ሊትር ፈሳሽ የጨመረ ሰው 1.5 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ኩሬ ሠርቷል፤ ጭሱ ሕዋሱን የሚያገኘው በዚያ ውስጥ ሰርጎ ነው። ምራቅ ከተጨመረ መጠኑና ሙሲን (ምራቅን የሚያዝለገልግ ፕሮቲን) ያለው መሆኑ ይገለጽ፤ ካልተጨመረም በግልጽ ይጻፍ።

የሚለካውን በተመለከተ ሦስት ወጥመድ እንጠቁም። ሕዋስ በሕይወት መኖሩን ለመለካት የሚያገለግለው ኤምቲቲ የሚባለው ማቅለሚያ በሕያው ሕዋስ ብቻ ሳይሆን በጭሱ ዝቃጭ ውስጥ ባሉ ኬሚካሎችም ሊቀየር ይችላል፤ ቀድሞ በማቀዝቀዝ የተገደለ ኅብረ ሕዋስ አብሮ ተጋልጦ ይፈተሽ። ሁለተኛው ኢንተርሉኪን 8 ነው፤ አክሮሊን ብግነት ቀስቃሽ ምልክቶችን ስለሚያፍን ከፍ ባለ ዶዝ ቁጥሩ ሊወርድ ይችላል። የወረደ ቁጥር ጤና ተብሎ እንዳይነበብ ሁልጊዜ ከሕዋሱ በሕይወት መኖርና ከጠቅላላ ፕሮቲን ጋር ይቅረብ። ሦስተኛው ጊዜ ነው። ሕዋሱን ከጉዳት የሚከላከለው ግሉታታዮን ከተጋለጠ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሰዓታት ይወርዳል፤ ከዚያ ሕዋሱ ራሱን ሲከላከል ከመነሻው በላይ ሊወጣ ይችላል። በ24ኛው ሰዓት ብቻ የለካ ሰው ጭስ መከላከያን አጎለበተ ብሎ ሊጽፍ ነው። ቢያንስ በ4፣ በ24ና በ72 ሰዓት ይለካ። ሲዋይፒ1ኤ1 የሚባለው ጂን ደግሞ ጥሩ መፈተሻ ነው፤ በሲጋራ ጭስ ተጋለጠ በተባለ ኅብረ ሕዋስ ውስጥ ካልጨመረ፣ ጭሱ መድረሱን መጠራጠር ይገባል። የጨመረ መሆኑ ግን መጋለጥን እንጂ ጉዳትን አያረጋግጥም። የዲኤንኤ ጉዳት በማይክሮኑክሊየስ (ሕዋስ ሲከፋፈል ከኒውክሊየሱ ውጭ በሚቀር ቁራጭ) ሲቆጠርም የሚከፋፈሉት የታችኞቹ ሕዋሶች ናቸው፤ ሁሉንም ንብብር አንድ ላይ መቁጠር ጉዳቱን ያሳሳዋል።

በስታቲስቲክስ ላይ አጭር ቃል፦ ከአንድ ለጋሽ የተሠሩ 12 ኢንሰርቶች 12 ናሙና አይደሉም፤ አንድ ናቸው። ቢያንስ ከሦስት ለጋሾች፣ በተለያዩ ቀናት ይሠራ፤ የለጋሾቹ የማጨስ ታሪክም ይጻፍ። ኢንሰርቶቹ በማጋለጫው ውስጥ ቦታ ይቀያየሩ።

ይህ ሞዴል የማይመልሰውም አለ። ደም ሥር የለውም፤ በአጫሾች ላይ የድድ መድማት እየቀነሰ በሽታው የሚሸፈንበትን መንገድ አያሳይም። ባክቴሪያና የመከላከያ ሕዋሳት ካልተጨመሩበት የድድ በሽታን አይወክልም። የአንድ ቀን መጋለጥ የዓመታት ማጨስን አይተካም፤ በሳምንት ጥቂት ጊዜ፣ ለሳምንታት፣ በዝቅተኛ ዶዝ የሚደጋገም መጋለጥ ይቀርበዋል። ከዚህ ሞዴል ተነሥቶ «የካንሰር አደጋ በዚህ ያህል በመቶ ቀነሰ» የሚል ዓረፍተ ነገር መጻፍ አይቻልም።

ገንዘብ የምትመድቡ ተቋማት፦ ብዙ ጊዜ ከበጀት መጀመሪያ የሚሰረዘው የዶዝ መለኪያው ነው። ልኬት የሌለበትን ሰፊ ጥናት ከመደገፍ ልኬት ያለበትን ጠባብ ጥናት ደግፉ፤ ተደጋጋሚ መጋለጥ የሚጠይቀውን ተጨማሪ ጊዜም ክፈሉ።

የመጽሔት አዘጋጆች፦ የማሽኑን ሥርዓት፣ የሲጋራውን ዓይነት፣ የብረዛውን መጠን፣ ያረፈውን ክብደት፣ የሁለቱን ማነጻጸሪያዎች ጥሬ ቁጥርና የለጋሾችን ብዛት የያዘ አንድ ገጽ ከጽሑፉ ጋር እንዲቀርብ ጠይቁ። የኅብረ ሕዋሱን የማይክሮስኮፕ ስላይዶች ያነበበው ሰው የትኛው የትኛው እንደሆነ ያውቅ እንደነበረም ይጠየቅ።

የቁጥጥር መሥሪያ ቤቶች፦ በእናንተ ጠረጴዛ ላይ ከሚቀርበው ማስረጃ ውስጥ ምርቱን የሚሸጡት ኩባንያዎች ያሠሩት አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት አንቀጽ 5.3 የጤና ፖሊሲ ከትምባሆ ኢንዱስትሪ ጥቅም እንዲጠበቅ ያዛል። ስለዚህ ጥሬው መረጃ ያልተያያዘበትን የንጽጽር ጥናት እንደ ማስረጃ አትቀበሉ፤ የተቀበላችሁትንም ከኩባንያው ነጻ የሆነ ቤተ ሙከራ በዚያው ዶዝ እንዲደግመው አድርጉ። በፎርማሊን ተይዘው በፓራፊን የተቀበሩት የኅብረ ሕዋስ ቁራጮችና ከኢንሰርቱ ሥር የተወሰደው ፈሳሽ ውሳኔው በሥራ ላይ እስካለ ድረስ እንዲቀመጡ፣ ናሙና ስትጠይቁም እንዲሰጣችሁ በፈቃዱ ውስጥ ጻፉት።

ከአክብሮት ጋር፣
የአፍ ኅብረ ሕዋስን በቤተ ሙከራ የምናበቅልና የጭስ ሙከራ የምንሠራ ባለሙያዎች